ሦስተኛው ነፍስ

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም.፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፤ በኮርንዎል አውራጃ ከትሬዌን መንደር በላይ ያለው ኮረብታ ከማለዳ ጀምሮ በዝናብ ተሸፍኖ ዋለ። ከኮረብታው ግርጌ የቆርቆሮ ማዕድን የሚወቅጡት የእንፋሎት መዶሻዎች ፋታ ስለማያውቁ፤ የመንደሩ ሰው ድምፃቸውን ልብ የሚለው ያቆሙ ዕለት ብቻ ነበር። በዚያ ዝናብ ላቭዴይ ናንካሮና ባሏ ዛኪ አንዱን ካባ ለሁለት ደርበው፤ ስድስት ማይል በእግራቸው ተጉዘው፤ ቤት ሊገዙ ወደ ገበያው ከተማ ወረዱ።

ላቭዴይ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ በማዕድኑ ጉድጓድ አፍ ላይ ድንጋይ በመዶሻ ስትፈልጥ ያደገች፤ ክንዷ የወንድ፤ አንደበቷም ከክንዷ የማይተናነስ። ዛኪ ግን ከመሬት በታች የሚውል ቆፋሪ ነውና ከፀሐይም ከወሬም የራቀ ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። ከተጋቡ ጀምሮ የሚኖሩት በሰው ቤት ሥር በምትገኝ አንዲት እርጥብ ክፍል ነበር። የበኩር ልጃቸው ታምሲን በዚያች ክፍል ስታስል ስታስል በሁለት ዓመቷ አረፈች፤ በዓመቱ ሌላ ሴት ልጅ ሲወለድላቸው እንደ አገሩ ልማድ የሟቿን ስም ሰጧት፤ እርሷም ታምሲን ተባለች። በዚያ አገር እንዲህ ያላደረገ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ የሞተ ልጅ ስም ባክኖ አይቀርም። ላቭዴይ ያን ጊዜ፤ ይህችኛዋን ታምሲንን በደረቅ ግድግዳ ውስጥ አሳድጋታለሁ፤ ባላሳድጋት የእናት ልጅ አይደለሁም ብላ ማለች።

ሊገዙት የተነሡት ቤት የመበለቲቱ የኢያዔል ቼኖዌት ነበር። የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ድሃው በባለርስቱ መሬት ላይ በገዛ ጀርባው ድንጋይ ተሸክሞ ቤት ይሠራል፤ ባለርስቱም በብራና ላይ የሦስት ሰዎችን ስም ያስጽፋል፤ ከሦስቱ አንዳቸው በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱ የሠሪው ነው፤ የመጨረሻው የሞተ ዕለት ግን ግድግዳውም ጣሪያውም ምድጃውም ለባለርስቱ ይመለሳል፤ ሠሪው ካሳ ይቅርና እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባልም። ብራናው እነዚያን ሦስት ሰዎች «ነፍሶች» ይላቸዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብሎ አይደለም፤ ነፍሶቹ ደኅና ናቸው ወይ ብሎ ነው።

ይህን መርምሮ አረጋግጦ ውሉን የሚያስተላልፈው ነገረ ፈጁ ሚስተር ጆሳያ ትሬምባት ነበር። ሚስተር ትሬምባት ሰፊ ሆድና ጥሩ ሳቅ ያለው፤ በአውራጃው ሁሉ የተከበረ ሰው ነው፤ የሻጭም የገዢም ነገረ ፈጅ እርሱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ሁለት ነገረ ፈጅ ማቆም የሀብታም ቅብጠት ነው ይባል ነበር። የገበያ ቀን ስለ ነበር በደጁ ሌላ ስምንት ባለጉዳይ ቆሟል፤ በክፍሉ ውስጥ እርጥብ ሱፍና የማኅተም ሰም ይሸታል።

ሚስተር ትሬምባት ብራናውን ዘርግቶ አነበበ። አንደኛው ነፍስ ቤቱን የሠራው ዲጎሪ ቼኖዌት፤ ከሞተ ዐሥር ዓመቱ። ሁለተኛው ነፍስ ሚስቱ ኢያዔል፤ ይህችው እፊታቸው ጥቁር ኮፍያዋን ደፍታ የተቀመጠችው። ሦስተኛው ነፍስ ልጃቸው ሃኒባል፤ በ1821 ውሉ ሲጻፍ የሁለት ዓመት ሕፃን፤ ዛሬ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው። ነገረ ፈጁ ቀና ብሎ፤ ሁለት ነፍስ እያለላችሁ ምን ትፈልጋላችሁ፤ የልጅ ልጅ ታዩበታላችሁ አላቸው።

ላቭዴይ ግን ወንበሯ ላይ ተመቻችታ አልተቀመጠችም። «ሃኒባልን አውቀዋለሁ ጌታዬ» አለች፤ «ሠላሳ አራት የሞላው አይመስልም።»

«መጠጡ ነው ያቆየው» አለ ሚስተር ትሬምባት። ዛኪ እንኳ ሳቀ።

«መዝገብ አይታይም? የተወለደበት፤ ወይ ደግሞ የቀብሩ…»

በዚህ ጊዜ ነገረ ፈጁ ማድረግ የነበረበት ነገር የታወቀ ነው፤ ለትሬዌን ቄስ ደብዳቤ ጽፎ የአጥቢያው መዝገብ እንዲመረመር ማድረግ፤ የዕድሜውን ማስረጃ መጠየቅ፤ መልሱ እስኪመጣ ማኅተሙን ማቆየት። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ሚስተር ትሬምባት ግን ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና ወደ መንገዱ አንገቱን አወጣ። ከመንገዱ ማዶ በመጠጥ ቤቱ ደጅ፤ በጣሪያው ክፈፍ ሥር፤ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ሰው ከነዋንጫው ቆሟል።

«ሃኒባል ቼኖዌት!»

«አቤት ጌታዬ፤ አለሁ» አለ ሰውዬው፤ ዋንጫውንም ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገ።

ሚስተር ትሬምባት መስኮቱን ዘግቶ እጁን በመሐረብ አደረቀ። «የቀብር መዝገብ ለሞተ ሰው ነው ልጄ። ይኸው ያንቺ መዝገብ ተናገረ» አላት። በክፍሉ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ያልሳቀችው ኢያዔል ብቻ ነበረች፤ እርሷም የኮፍያዋን ክር እያጠበቀች ነበርና ማንም ልብ አላላትም። ከዚያም ኢያዔል ነገረ ፈጁ ባዘዛት መሠረት ጣቷን በቀዩ ሰም ላይ አድርጋ፤ «ይህ ፈቃዴና ሥራዬ ነው፤ አስረክቤአለሁ» አለች፤ ቤቱም የናንካሮዎች ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ላቭዴይ የቄሱን በር ራሷ ማንኳኳት ትችል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሯ መካከል ነው ያለው። ነገር ግን እነርሱ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ክርስትና የሚነሡት፤ የሚዘምሩትና የሚጋቡት በጸሎት ቤታቸው ነው፤ ወደ ቄሱ ግቢ የሚገቡት ለመቀበር ብቻ ነው፤ የመቃብር ቦታ ያለው እዚያ ነውና። የልደታቸው ነገር በአንድ ቤት፤ የሞታቸው ነገር በሌላ ቤት ይጻፋል፤ ሁለቱ መዝገቦችም ተገናኝተው አያውቁም። የጸሎት ቤት ሰው ሆኖ ቄሱን መዝገብ አሳየኝ ብሎ የሚለምን ደግሞ አልነበረም፤ ኩራታቸው ነዋ።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ቆጥ ነበረው፤ ግድግዳው ክንድ ተኩል ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ። ላቭዴይ የገባች ዕለት ግድግዳውን በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነበር። ታምሲን በዚያ ቤት አደገች፤ አንድ ቀን እንኳ አላሰለችም። ለአንድ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ላቭዴይ ለዚያ ቤት ስትል ያደረገችውን ሁሉ የምትሰሙ ሰዎች ይህን አትርሱባት።

በነፍስ ላይ በተመሠረተ ቤት መኖር ግን ኑሮው ሌላ ነው። ሃኒባል ሰነፍ፤ ጠጪ፤ ተጫዋች ሰው ነበር፤ የሰው ቤት ነፍስ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው በዛ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ጎድጓዳ ሳሕኑን ይዞ ላቭዴይ ደጃፍ ይመጣል። ራሱን ሲያመው «ዛሬ ጣሪያሽ አሞኛል» ይላታል፤ ሆዱ ሲጮኽ «ጓዳሽ ባዶ ነው» ይላታል። እርሷም እየተሳደበች ሾርባውን ትሞላለታለች፤ ክረምት ሲገባ የሱፍ ሹራብ ትሠራለታለች፤ ትኩሳት የያዘው ጊዜ ከነቁሻሻው ከቤቷ አስገብታ ሦስት ሳምንት አስታመመችው። ጎረቤቶቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት፤ ቤትሽ መጠጥ ቤቱ ደጅ ተጋድሟል፤ ሂጂና አንሺው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሄዳም ታነሣው ነበር።

ናንካሮዎች ሌላ ነፍስ በብራናው ላይ ለማስጨመር ባለርስቱን ሁለት ጊዜ ለመኑ፤ ርስቱን የሚያስተዳድርለት ምስለኔው ግን ጌታዬ ከእንግዲህ ነፍስ አይጨምርም፤ ያሉት እስኪያልቁ ይጠብቃል ብሎ መለሳቸው። በ1871 ዓ.ም. በኦገስት ወር አሮጊቷ ኢያዔል አረፈች፤ ላቭዴይም በቀብሩ ላይ አምርራ አለቀሰች፤ ለኢያዔል ይሁን ለቤቱ ለማወቅ ያስቸግራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀረው ነፍስ አንድ ሃኒባል ብቻ ሆነ።

ያ ዘመን ደግሞ ክፉ ዘመን ነበር። ከባሕር ማዶ ርካሽ ቆርቆሮ መጥቶ የኮርንዎልን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ያዘጋ ጀመር፤ ወጣቱ ሁሉ መርከብ እየተሳፈረ ወደ አውስትራሊያ ነጎደ። ታምሲንም ባል አግብታ ሄደች፤ እናትና አባቷንም ኑ እያለች ጻፈች። ዛኪ ልቡ ተነሥቶ ነበር። ላቭዴይ ግን፤ እኛ ብንሄድ ሃኒባልን ማን ይጠብቀዋል፤ ቤቱንስ ጥለን በምን አንጀታችን ብላ እንቢ አለች። ሃኒባል ራሱ ልሂድ ያለ ጊዜማ ከእግሩ ሥር ወድቃ ነው ያስቀረችው፤ ባሕር ተሻግሮ ሰባት ዓመት ወሬው የጠፋ ነፍስ በሕጉ እንደ ሞተ ይቆጠራልና።

በ1872 መከር ላይ የጉድጓዱ ሹም፤ ካፒቴን የሚሉት፤ ዛኪን ጠርቶ መልካም ወሬ ነገረው። የዛኪ ሳንባ መታመሙን ሁሉም ያውቃል፤ ከመሬት በላይ በእንፋሎቱ ሞተር ቤት ዘይት የሚቀባ ሰው ተፈልጓልና ሥራውን ልስጥህ አለው። በዚያው ሳምንት ሃኒባል የመጠጥ ዕዳው ስለ በዛበት ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ እንደሚወርድ ለመንደሩ አውጆ ነበር። ዛኪ ወሬውን ይዞ ቤቱ ገባ፤ እየሳቀ ነበር አሉ። ላቭዴይ እራት አቅርባለት ከፊቱ ተቀመጠች።

«ሥራውን ለሃኒባል ስጡት በላቸው» አለችው።

ዛኪ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለእኔ እኮ ነው የሰጡኝ፤ ላቭዴይ።»

«አውቃለሁ። አንተ ጉድጓዱን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወርደህ ወጥተሃል። እሱ ግን ሰክሮ ከመሰላሉ የወደቀ ዕለት ቤቱ አብሮት ይወድቃል።»

«እኔ ብወድቅስ?»

ላቭዴይ መልስ ነበራት፤ ከአፏ ማውጣት ነው ያቃታት። ዛኪ ራሱ መለሰው፤ በምሬት አልነበረም፤ የነገሩን ልክ እንደሚያመዛዝን ሰው ነበር። «ቤቱ ይተርፋል» አለ። ማንኪያውን አንሥቶ እራቱን ጨረሰ፤ ማለዳም ሄዶ እንዳለችው አደረገ።

ሃኒባል ሞተሩን ዘይት ሲቀባ ዐሥራ አንድ ወር ሆነው። በ1873 በሴፕቴምበር፤ ከመሬት በታች ሁለት መቶ ክንድ ላይ ጣሪያው ተንዶ ዛኪን ከነመብራቱ ቀበረው። ሬሳውን ያወጣው ያው ሃኒባል የሚቀባው ሞተር ነበር፤ ሃኒባልም በእጁ ላይ ያለውን ዘይት ሳይጠርግ ከሬሳው ጋር እስከ ቤቷ ድረስ ተከትሎ መጣ። ላቭዴይ በሩን ከፈተች፤ ሬሳውን ምድጃው አጠገብ አስጋደመች፤ ከዚያም የሃኒባልን መልክ አየችና ደንግጣ፤ አንተ ደኅና ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህን የጠየቀች ሴት ልብ አልነበራትም የሚል ካለ እርሱ ቤት አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1879 ክረምት ባለርስቱ፤ ከማዕድኑ የሚገባለት ድርሻ ስለ ደረቀ፤ በርስቱ ላይ ያሉትን የነፍስ ውሎች ሁሉ ምስለኔው እንዲመረምር አዘዘው። ምስለኔው መስኮት የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የቀብር መዝገቡን ከ1800 ጀምሮ ገጽ በገጽ አየ። ለላቭዴይ የመጣላት ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ቤቱ የእርሷ እንዳልሆነና እስከ መጋቢቱ የብሥራት በዓል ድረስ እንድትለቅ ይላል። እርሷም ያንኑ ስድስት ማይል በእግሯ ሄዳ ሚስተር ትሬምባት ክፍል ገባች።

ሚስተር ትሬምባት አርጅቶ ነበር፤ ሆዱ ሟሽሾ ሳቁም አብሮት ሄዷል። ደብዳቤውንና ምስለኔው ያያዘውን ግልባጭ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አነበበላት። «ሃኒባል፤ የዲጎሪና የኢያዔል ቼኖዌት ልጅ፤ ከትሬዌን፤ ዕድሜ አራት ዓመት፤ በፈንጣጣ፤ በማርች 11 ቀን 1823 ተቀበረ።» መነጽሩን አውልቆ ሊያስረዳት ጀመረ፤ በሕይወት ያለው ሰውዬ ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ የተወለደ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው አላት። ላቭዴይ ግን ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ «ዕድሜ አራት ዓመት» ሲል ነው ሁሉም የገባት። ከወንበሯ ተነሣች።

«እርስዎ በመስኮት ነው ያዩት» አለች።

«ሃኒባል ቼኖዌት ብዬ ጠራሁ፤ ሃኒባል ቼኖዌት አቤት አለ። ውሸት የተናገረ ሰው የለም።»

«መዝገብ ይታይ ብዬ ነበር።»

«ብለሽ ነበር» አለ ሚስተር ትሬምባት። ይህን አለመካዱን ብቻ እመሰክርለታለሁ። ዝቅ ባለ ድምፅም፤ ነገረ ፈጅን በሥራው ጥፋት መክሰስ እስከ ስድስት ዓመት መሆኑን፤ ይህ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈው መሆኑን ነገራት። የራሱን ጥፋት የሚሽረውን ሕግ ለባለጉዳዩ የሚያስረዳ እርሱ ራሱ ነበር፤ ለዚህ እንኳ ሌላ ሰው አልነበራትም። ከዚያ ጥቂት አመነታና፤ «እናትየውስ? ኢያዔል ታውቅ ነበር እኮ። አታላሻለች» አላት።

ላቭዴይ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አንዲት ታምሲን ቀብሬ ሌላ ታምሲን ወልጃለሁ። ታምሲን ደኅና ናት ወይ ሲሉኝ ደኅና ናት እላለሁ። ስለ ፊተኛዋ የጠየቀኝ ሰው የለም።» ደግሞም ጠየቀች፤ «ቤቱ ከእጃችን የወጣው መቼ ነው?»

«ኢያዔል የሞተች ዕለት። በ1871።»

«ዛኪ የሞተው በ1873 ነው» አለች ላቭዴይ። «እንግዲያው ለሰው ቤት ነው የሞተው።»

በደጁ የቆሙት ባለጉዳዮች መንገድ ለቀውላት ወጣች።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሃኒባል እንደ ልማዱ ሳሕኑን ይዞ መጣ። ገና ደጃፉ ላይ ሆኖ፤ ጣሪያሽ ዛሬ ደኅና ነው፤ ግድግዳሽን ግን ብርድ ብርድ ይለዋል እያለ ይቀልዳል። ላቭዴይ አስገብታ አስቀመጠችውና ሁሉንም ነገረችው፤ ደብዳቤውን፤ መዝገቡን፤ በ1823 የተቀበረውን ሕፃን። ሃኒባል ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ሲሰማ ቆየ።

«ከእኔ በፊት አንድ እንደነበር አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከማን በፊት ያልነበረ አለ? ብራናው ላይ ያለው እሱ መሆኑን ግን እግዜር ያውቃል አላወቅሁም። ማንበብ አልችል፤ ማንም አንብቦልኝ አያውቅ። እናቴ ሁልጊዜ ዕድሜህ ይህን ያህል ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም እሱን እናገራለሁ።» ሳሕኑን በእጁ አዟዟረው። «የዛኪን ሥራ በከንቱ ነው የበላሁት ማለት ነው።»

ላቭዴይ ጭልፋውን ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ሊመታው የተነሣ እጅ ይሁን ሊቀዳለት እርሷም አላወቀችውም። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳበላ የኖርኩት ማንን ነው ታዲያ?» አለችው።

«እኔን ነው» አለ ሃኒባል። «እኔን፤ ላቭዴይ። አንቺ ባትኖሪ የሚያበላኝ ሰው አልነበረም።»

ይህን ሲላት በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬውን አየችው ይባላል፤ ቤቱን ሳይሆን ሰውዬውን። ቀይ ፀጉሩ ነጥቷል፤ የሠራችለት ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ሾርባውን ቀዳችለት፤ ብላ፤ ይቀዘቅዛል አለችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራም አለቀሰች። እርሱም አልበላም፤ ሳሕኑን እንደያዘ ተቀመጠ።

በ1880 በብሥራት በዓል ዕለት የባለርስቱ ሰዎች መጥተው በሩን ተረከቡ። ታምሲን ከአውስትራሊያ ነይ ብላ እንደገና ጽፋ ነበር፤ ነገር ግን ላቭዴይ በዚያ ክረምት ሳንባዋን ታማ ስለ ነበር የመርከቡ ሐኪም እንድትሳፈር አልፈቀደላትም። የሄደችው በከተማው ወዳለው የድሆች መጠለያ ነው፤ ክፍሉ እርጥብ ነበር። ሃኒባል አልጋዋን በጋሪ ጭኖ አደረሳት። መጠጡን ተወ እንዳልላችሁ አልተወም፤ እሑድ እሑድ ግን ሳይቀምስ ስድስቱን ማይል በእግሩ እየሄደ፤ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ትኩስ ፓስቲ በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይጠይቃት ነበር። በደጃፉ ሆኖም፤ ነፍስሽ መጥቷል በሏት እያለ ይልክባታል፤ ጠባቂዎቹ ዘመዷ ይመስላቸው ነበር። ላቭዴይ በ1883 በፌብሩዋሪ ወር አረፈች፤ በትሬዌን ቤተ ክርስቲያን ግቢም ከዛኪና ከፊተኛዋ ታምሲን አጠገብ ተቀበረች።

የባለርስቱ መዝገብ ስለዚህ ሁሉ ነገር ያስቀረው አንድ መሥመር ነው፤ «ትሬዌን፤ አንድ ቤት፤ ነፍሶቹ አልቀዋል፤ ወደ እጅ ተመልሷል።» ቤቱን ሳይጠቀሙበት ጣሪያው ወደቀ፤ ድንጋዩም ለአጥር ተወሰደ። ሚስተር ትሬምባት በክብር አርፎ በከተማው የዕብነ በረድ ጽሑፍ ተጽፎለታል፤ ትጉህና ታማኝ ይላል። ስለ ሾርባው፤ ስለ ሹራቡ፤ ዛኪ ማንኪያውን ስላስቀመጠበት ምሽት የተጻፈ ነገር የለም።

ሃኒባል ቼኖዌት ግን ከሁሉም በኋላ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳይታመም እስከ 1902 ዓ.ም. ኖሮ ሞተ። በእውነተኛ ዕድሜው ሰባ ሰባት ዓመቱ ነበር። አዲሱ ቄስ መዝገቡን ሲሞላ ዕድሜውን ጎረቤቶቹን ጠየቀ፤ እነርሱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲቆጠር የሰሙትን ነገሩት፤ እርሱም «ሃኒባል ቼኖዌት፤ ከትሬዌን፤ ዕድሜ ሰማንያ ሦስት ዓመት» ብሎ ጻፈ። በዚያ ገጽ መሠረት በ1821 በብራናው ላይ የሰፈረው የሁለት ዓመት ሕፃን እስከ 1902 ድረስ በሕይወት ነበር፤ ቤቱም ላቭዴይ እስክትሞት ድረስ የእርሷ ነበር ማለት ነው። ያው መዝገብ በ1823 እውነቱን ጽፎ ቤቷን ወሰደባት፤ በ1902 ተሳስቶ መለሰላት፤ ሲመልስላት ግን ከሞተች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር።